ሁለቱ ሱፎችና የከንፈር ቀለም

አንባቢዬ ሆይ! በአማርኛችን «ሱፍ» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው፣ በብርድ ጊዜ የምንለብሰው ነው። ሁለተኛው በማሳ ዳር እሾሁን ገትሮ የሚበቅለው፣ ፍሬው በጾም ቀን ተቆልቶና ተወቅጦ ለፍትፍት የሚሆነው ተክል ነው። ሁለቱ በስም እንጂ በዘር አይገናኙም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ ይኸውም በሴት ልጅ የከንፈር ቀለም ውስጥ፣ ላገናኛቸው አስቤያለሁ። «ወንድ መምህር ስለ ከንፈር ቀለም ምን አገባው?» ብለው ቢስቁ አልቀየምዎትም፤ የሥራ ጓደኞቼም ስቀውብኛል። ሳቅዎን ሲጨርሱ ግን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡኝ እለምናለሁ።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው፤ የምኖረውም በሸዋ ሮቢት። ከተማይቱን ለማያውቃት ልንገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርቱን ቆልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁለቱን ሲጨርስ፣ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ የሚይዝባት ከተማ ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ ሮቢት 1,300 ሜትር አትሞላም። ከበላያችን የመንዝ ደጋ አለ፤ ከበታቻችን ቆላው እስከ አፋር ይዘረጋል። የመንዝ ሰው ባና ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ የሮቢት ሰው ሽንኩርቱንና ማሾውን አጠጥቶ ጥላ ይፈልጋል። የደጋውና የቆላው ዕቃ የሚገናኘው በኛ ገበያ ነው፤ ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ስለ ከንፈር ቀለም ሲነሣ በኛ ዘንድ ቶሎ ከአፍ የሚወጣው ቃል «የፈረንጅ» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ መዋብ የፈረንጅ አይደለም። እሑድ እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ሲገናኙ፣ በሂና የቀላ እጅና በኩል የጠቆረ ዓይን ሳያይ አይመለስም። የደጋ ሴቶችም ለሠርግና ለዓመት በዓል የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀላሉ። ስለዚህ «ሴት ልጅ መቀባት ይገባታል ወይስ አይገባትም?» የሚለውን ክርክር እናቶቻችን ከዘጉት ብዙ ዘመን ሆኗል። የእናቶቻችንና የዛሬዋ ልጅ ልዩነት ሌላ ነው። እናቲቱ እንሶስላውን ራሷ ቆፍራ፣ ራሷ ወቅጣ ስለምትቀባው፣ በእጅዋ ላይ ያለው ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ልጂቱ በአፏ ላይ ያለው ምን እንደ ሆነ አታውቅም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ አንድ ሰኞ ጠዋት ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና መጣች። ከንፈሯ አብጧል፤ ቆዳውም ተልጧል። ቅዳሜ በርካሽ የገዛችውን ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ እሑድ እንዲያ ሆና ነበር የነቃችው። ከወንዶቹ ልጆች ብዙዎቹ ሳቁ፤ አንደኛውም ከኋላ ሆኖ «ይበላት!» አለ። በዕረፍት ሰዓት ዕቃውን አምጥታ አሳየችኝ። የተሠራበት አገር ስም የለበትም፤ ዘመኑም የለበትም፤ ስለ ውስጡም አንዲት ቃል አልተጻፈበትም። «መምህር፣ ምኑ ነው ያቃጠለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምልክት በዚያ ዕቃ ላይ አልነበረም።

እስቲ ያስቡት። የጫማ ቀለም ጫማ ላይ ይቀራል። የከንፈር ቀለም ግን ከምግቡና ከሻዩ ጋር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይበላል። እኛ እንጀራ ስንገዛ ጤፉ የየት እንደ ሆነ እንጠይቃለን፤ ቅቤ ስንገዛ አሽትተን፣ በጣታችን ፈትነን ነው። የማይነበብ ዕቃ ግን «ከውጭ የመጣ ነው» ከተባለ ዝም ብለን በአፋችን ላይ እናስቀምጣለን። በዚያ ሳምንት ለሳይንስ ክበባችን ልጆች፣ «የዚህን ውስጥ ማወቅ ካልቻልን፣ ውስጡን የምናውቀውን እንሥራ» አልኋቸው። ያቺው ልጅ የመዝገብ ጸሐፊያችን ሆነች።

የከንፈር ቀለም በመሠረቱ ሦስት ነገር ነው። ቅርጹን የሚያቆምለት ሰም፣ የሚያለሰልሰው ዘይት ወይም ቅባት፣ ከዚያም ቀለሙ። ሰሙ አላስቸገረንም፤ አገራችን በንብ ሰም ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የጠጅ ጣይ ቤት የተጣለ ሰፈፍ ቀልጦ ሲጠለል ንጹሕ ሰም ይወጣዋል። ለዘይቱ የመረጥነው ጉሎ ነው። ጉሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ እናቶች ምጣድ የሚያሟሹበት፣ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለሰልሱበት ፍሬ ነው፤ የጉሎ ዘይት በዓለም የሊፕስቲክ ፋብሪካዎችም ከዋነኞቹ ዘይቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። በሚገባ የተጣራው ዘይት መርዙ የለበትም፤ ፍሬውን በቤት መጭመቅ ግን የልጆች ሥራ አይደለም። ስለዚህ ዘይቱን ከመድኃኒት ቤት ገዛን።

የቀረው ቅባቱ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ ላኖሊን የሚባል ነገር ተምሬያለሁ። የበግ ቆዳ ጠጉሩን ከዝናብና ከብርድ ለመጠበቅ የሚያመነጨው ወዝ ነው። ስሙም በላቲን «ሱፍ» እና «ዘይት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ሁለቱ ጀርመኖች ኦስካር ሊብራይክና ኦቶ ብራውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 አጥርተው በሕግ አስመዘገቡት፤ ይሁን እንጂ ነገሩ እጅግ የቆየ ነው፤ ዲዮስቆሪደስ የሚባለው የግሪክ ሐኪም በመጀመሪያው መቶ ዓመት የአዘገጃጀቱን መንገድ ጽፎታል። ላኖሊን ቅባት ይምሰል እንጂ በኬሚስትሪ ዐይን ሲታይ ሰም ነው። የክብደቱን እጥፍ ያህል ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ለደረቀ ከንፈር የሚስማማውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በደብተር አውቄው ነበር። ጠጉሩን ለመግዛት ስነሣ ግን የአከራዬን ምክር ጠየቅሁ። አከራዬ ከመንዝ የወረዱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ እናት ናቸው፤ ከእንዝርታቸው አይለዩም። «እማማ፣ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ከየት አገኛለሁ?» ብላቸው፣ «ምን ሊሆንህ ነው ልጄ? ባና ልታሠራ በዚህ ሙቀት?» አሉና ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እየው፤ እኛ መንዝ ሳለን የገብስ አጫጁ እጅ በብርድ ይሰነጠቅ ነበር። ጠጉር የምንፈትለው ሴቶች እጅ ግን አይሰነጠቅም። ወዙ ነው እንል ነበር። ሲታጠብ የሚወጣውን ደግሞ ወንዝ ይዞት ይሄዳል» አሉኝ።

አንባቢዬ፣ እኔ በሦስት ዓመት ትምህርት ያገኘሁትን ቃል እርሳቸው በአንድ ቃል ተናገሩት፤ ወዝ! በአማርኛ የሰውም ቆዳ ወዝ አለው፤ ደኅና የተመገበ ሰው ፊት ወዝ አለው ይባላል። ቃሉ በቤታችን እያለ እኔ በፈተና ወረቀት ላይ ላኖሊን ስል ኖርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ ውስጥ ሁለቱንም ቃል እጽፋለሁ።

የቆላው የአፋር በግ ጠጉሩ አጭርና እንደ ፍየል ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመንዝ በግ ግን ጠጉራም ነው። ሁለት ኪሎ ያልታጠበ ጠጉር ከደጋ አስመጣን። በትልቅ ብረት ድስት በውኃ ቀስ ብለን አፈላነው፤ ጥቂት ጨው ጨመርንበት፤ ጠጉሩን አውጥተን ውኃውን ስናቀዘቅዘው፣ በላዩ ላይ ቡናማ ሰፈፍ ረጋ። ያንን በጨርቅ አጥልለን፣ በንጹሕ ውኃና በጨው አራት ጊዜ ደጋግመን አፈላነው። በመጨረሻ ማር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ቀረልን። ብዛቱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነበር። መጠኑ ማነሱ አያስገርምም፤ በወዝ የታወቀው ሜሪኖ የሚባለው ቀጭን ጠጉር ያለው በግ ነው፤ የመንዙ ጠጉር ሻካራ ስለ ሆነ ወዙ ጥቂት ነው። ሽታውን አልደብቅዎትም፤ ከአራቱ እጥበት በኋላም የበረት ሽታ ነበረው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ቀይ ሥር!» አሉ። እኔም ምክንያቱን በወጥ አስረዳኋቸው። ቀይ ሥር ሲቀቀል ቀለሙ የሚሄደው ወደ ውኃው ነው። በርበሬ በዘይት ሲቁላላ ግን ቅላቱ ከዘይቱ ጋር ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ተፈጥሮ ከቀይ ቀለሞች አንዱን ለውኃ፣ ሌላውን ለዘይት ድራዋለች። የከንፈር ቀለም ሰምና ዘይት ነውና፣ የቀይ ሥር ውኃ ቢጨምሩበት እንደ ተጣላ ጎረቤት ይለያያል፤ ሙቀትም ቶሎ ያጠፋዋል። «እንግዲያው በርበሬ ይሁና!» ያለም አልጠፋም፤ ከንፈሩን ሊሰጠን ፈቃደኛ ስላልሆነ ግን ሐሳቡ በዚያው ቀረ። ሂናና እንሶስላም ቆዳውን ራሱን የሚነክሩ ናቸው እንጂ በላዩ ተቀብተው በማታ የሚጠረጉ አይደሉም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቀለሙን የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት አድርጎ በቅባት መለወስ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ሱፍ የሚገባው። የሱፍ አበባ ሲፈካ ቢጫ ሆኖ፣ ሲጠወልግ ወደ ቀይ የሚያዘነብለው ዓይነት፣ በውስጡ ካርታሚን የሚባል ቀይ ቀለም አለው። ኢትዮጵያ የሱፍ ልዩ ልዩ ዝርያ ከሚገኝባቸው ጥንታውያን አገሮች አንዷ ናት። እኛ ግን ፍሬውን ለቅመን አበባውን ለነፋስ እንሰጣለን። ጃፓኖች ግን ከዚሁ አበባ «ቤኒ» የሚባል የከንፈር ቀለም ሲሠሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በትንሽ የሸክላ ጽዋ ውስጥ ቀብተው ያደርቁታል፤ ሲደርቅ እንደ ጢንዚዛ ክንፍ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፤ በረጠበ ብሩሽ ሲነኩት ቀይ ይሆናል። ዋጋውም በዚያ ዘመን ከወርቅ ጋር ይነጻጸር ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረታችን ለዚህ አበባ የተተረተ ይመስለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደረቀውን አበባ በጨርቅ ቋጥረን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብነው፤ ቢጫው ቀለም በውኃ ስለሚሟሟ እየታጠበ ወጣ፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋገምነው። ቀዩ በውኃ አይወጣም፤ በአመድ ውኃ ግን ይወጣል። የእንጨት አመድ በጥብጠን፣ አስልለንና አጥልለን አበባውን ዘፈዘፍነው። ሎሚ ስንጨምቅበት አመዱና አሲዱ ተጣልተው ቀለሙ መጠጊያ አጣ፤ በዚያን ጊዜ ባዘቶ ጥጥ አገባንለት። ጥጡ ጽጌረዳ መሰለ። ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። ከዚያ ጥጡን አጥበን፣ እንደ ገና በአመድ ውኃ ቀለሙን አስለቀቅን፣ ጥቂት የደቀቀ ስታርች በትነን እንደ ገና ሎሚ ጨመርን። በማግሥቱ በብርጭቆው ግርጌ ቀይ ዝቃጭ ተኝቶ አገኘን። ብርሃንና ሙቀት ስለሚጎዳው በጥላ አደረቅነው። ከአንድ ትልቅ ሳሕን አበባ ያገኘነው ቀይ ዱቄት በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የሚቀመጥ ነበር፤ ካርታሚን ከአበባው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላምና።

በመጨረሻ ሁለት እጅ ሰም፣ አራት እጅ የጉሎ ዘይት፣ አንድ እጅ የበግ ወዝ በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቀለጥን፤ ለብ ሲል ዱቄቱን በጥቂት ዘይት ለውሰን ጨመርን። መልኩ የደማ ቀይ አልሆነም፤ የበሰለ ዘይቱን ውስጥ ይመስል ነበር። ሰሙን ያበዛነው ስለ አገሩ ሙቀት ነው። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይቀልጣል፤ ወዙ ግን በ40 ዲግሪ አካባቢ ይለቃል። በደብረ ብርሃን ለሚሠራው ሰሙን መቀነስ ይገባል፤ በሮቢት ግን ሰሙ ካነሰ እስከ ቀትር እንደ ቅቤ ይፈስሳል። አገሩ ሲለይ ቀመሩም እንደሚለይ ልጆቹ ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ተረዱት።

ይህን በምንሠራበት ሰሞን የዚያች ልጅ አባት ወደ ትምህርት ቤት መጡ። ቁጣቸውን በትሕትና ሸፍነው ነበር። «መምህር፣ ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው፤ ከንፈሯን እንድታቀላ አይደለም። አንድ ጊዜ መቃጠሏ አይበቃም?» አሉኝ። እውነት ነበራቸው። ልጃቸው ተጎድታለች፤ ሰውም ስሟን አንሥቶባታል። «አባቴ፣ እስቲ ራሷ ትንገርዎ» አልሁና መዝገቡን ሰጠኋት። ልጂቱ ቆማ ከመጀመሪያው ገጽ አነበበች፤ ጠጉሩን በኪሎ፣ ሎሚውን በቁጥር፣ ውኃውን በሊትር፣ ሰዓቱን በደቂቃ። አባቷ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ያልታጠበውን አበባ በእጃቸው አንሥተው አሸተቱና፣ «ይህ እኮ ሱፍ ነው» አሉ። «አዎን ሱፍ ነው።» «አበባው ይሸጣል ማለት ነው?» ሲሉኝ፣ በአንድ ሳሕን ስንት እንደ ወጣው በጥፍሬ አሳየኋቸው። ሳቁ። በከንፈር መቀባቱ እንዳልተስማሙ ነው የሄዱት። ሲወጡ ግን ለልጃቸው፣ «ያን መዝገብ እንዳትጥይው» አሏት።

አሁን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አስተማሪ አይደለሁም። «ከተክል የተሠራ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ቃል አይመኑ። የጉሎን መርዝ ነግሬዎታለሁ። ለኩል ከሚፈጩት ድንጋዮች አንዳንዱ እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ ይልቁንም ለሕፃናት መርዝ ነው። የበግ ወዝም የሚያሳክከው ሰው አለ፤ በጎቹ በተባይ መድኃኒት ታጥበው ከሆነም ቅሪቱ በወዙ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የሠራነውን በመጀመሪያ በክንዳችን ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥቂቱ ቀብተን አንድ ቀን ጠበቅን፤ ለሰውም አልሸጥንም። ከተፈጥሮ የመጣ ቀለም ማሳንም ሊጎዳ ይችላል። ኮቺኒል የሚባል በበለስ ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት አለ፤ ተፈጭቶ ለከንፈር ቀለምና ለምግብ የሚሆን ደማቅ ቀይ ይወጣዋል። በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ቀለም ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። ከቁጥጥር ሲወጣ ግን ገበሬው ለራሱና ለከብቱ የሚመካበትን በለስ በሰፊው አጠፋ። አንድን ነገር ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሠራ ምን እንደሚያስከትልም መመርመር ያስፈልጋል።

«ታዲያ ሦስት ማንኪያ ወዝና የጥፍር ያህል ቀለም ለአገር ምን ይጠቅማል?» ይሉኝ ይሆናል። ፋብሪካ አያቆምም። ነገር ግን በክፍሌ ያሉት ልጆች ዛሬ ዕቃ ሲገዙ ገልብጠው ጀርባውን ያነባሉ፤ ያልተጻፈበትን ይመልሳሉ። «ይበላት!» ያለው ልጅ ጥጡ ሲቀላ ከሁሉ በላይ የጮኸ እርሱ ነበር። ይህ ለአንድ ዓመት ትምህርት ትንሽ ትርፍ አይመስለኝም።

ተማሪ ከሆኑ፣ በደብተርዎ ላይ ለጻፉት ለእያንዳንዱ የውጭ ቃል በቤትዎ ውስጥ ዘመድ ይፈልጉለት፤ ብዙ ጊዜ እናትዎ ወይም አያትዎ ዘንድ ያገኙታል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ፣ አንድ ቀን ወደ አንዲት የቆላ ከተማ መመደብዎ አይቀርም። ወጣት ሠራተኛ በእንዲህ ያለ አገር መጀመሪያ የሚጽፈው የዝውውር ማመልከቻ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማመልከቻውን መጻፍ መብትዎ ነው፤ ከመጻፍዎ በፊት ግን አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ተነሥተው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ይዙሩ። በየመደቡም ቆመው፣ «ይህ ምንድን ነው? ከምን ይሠራል? የሚጣለው የቱ ነው?» ብለው ሻጮቹን ይጠይቁ።